ስለ አሮጌ ላፕቶፕ የምስል ካርድ መበላሸትና ስለ ጥገናው



የሰው እጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል ሳያረጅ የሚኖር አንድም የለም። ማረሻ ይዶለዱማል፤ ድስት ይበሳል፤ ሰዓት ይቆማል። ይሁን እንጂ ዕቃ በተበላሸ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው ይገኛል። አንደኛው የብልሽቱን ምክንያት መርምሮ የሚያደርገውን የሚወስን ነው። ሁለተኛው ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ገንዘቡን አውጥቶ ያስጠግናል፤ ዕቃው በወሩ ተመልሶ በተበላሸ ጊዜም ዕድሉን ያማርራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢው ከፊተኛው ወገን እንዲሆን ለመርዳት ነው።

ጉዳዩ ተራ የዕቃ ነገር ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው። እርሱም ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር ዘመድ የላከው፣ አለዚያም ሌላ ሰው ለዓመታት ከተገለገለበት በኋላ የተገዛ ነው። በዚያው በአንዱ ላይ ታላቅ ወንድም የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍበታል፤ ታናሽ እኅት ሒሳብ ታጠናበታለች፤ እናት የሱቋን ገቢና ወጪ ትመዘግብበታለች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ እጅን ከመኪናው ጋር ማለማመድ ለተማሪ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። እንግዲህ ፈተና በደረሰበት ወራት የላፕቶፑ ገጽ ድንገት ቢጨልም ቤተ ሰቡ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይጠገን ወይስ ይጣል? ለጥገናው የተጠየቀው ገንዘብ የሚገባ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ የነገሩን ሥር ማወቅ ያስፈልጋል።

የምስል ካርድ ምንድን ነው?

በላፕቶፕ ገጽ ላይ የምናየው ፊደልም ሆነ ሥዕል ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ነጥቦቹ ወደ ጎን 1366፣ ወደ ታች 768 ናቸው። ሁለቱን ብናባዛቸው 1,049,088 ነጥብ ይሆናል። ገጹ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ በየሴኮንዱ ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጋ ነጥብ ቀለሙ ተወስኖ መላክ አለበት ማለት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል የምስል ካርድ ወይም በተለመደው አጠራር ግራፊክስ ካርድ ይባላል።

የምስል ክፍል በላፕቶፕ ውስጥ በሦስት መልክ ይገኛል። አንደኛው ከዋናው አስሊ፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራው ነው። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ቺፕ ሆኖ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደው ነው። ሦስተኛው፣ እርሱም በጥቂት ላፕቶፖች ብቻ የሚገኘው፣ በብሎን ታስሮ የሚነቀልና የሚተካ ካርድ ነው። ላፕቶፑ ከሦስቱ የትኛው እንዳለው ሳያውቁ ስለ ጥገና መነጋገር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ስለ ምን ይበላሻል?

ሙቀት ነገርን ያሰፋል፤ ቅዝቃዜ ያኰማትራል። ይህን ሁላችንም በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል። በቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ ሲፈስበት የሚሰነጠቀው የውስጡ ገጽ ፈጥኖ ሲሰፋ የውጭው ስለሚዘገይ ነው። የምስል ቺፕም ሕመም የዚህ ዘመድ ነው።

ቺፑ የተሠራው ሲሊከን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህም ሲሊከን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ አይቀመጥም። በመጀመሪያ በጥቃቅን የብየዳ ጉብታዎች አማካይነት በአንዲት አነስተኛ ሰሌዳ ላይ ይጣበቃል። ከዚያም ሰሌዳዋ ራሷ ከፍ ባሉ የብየዳ ኳሶች በማዘርቦርዱ ላይ ትበየዳለች። እንግዲህ ሁለት ደርብ ብየዳ አለ ማለት ነው፤ የላይኛው በዓይን የማይታየው የጉብታዎቹ ደርብ፣ የታችኛው ደግሞ የኳሶቹ ደርብ ነው። አንባቢ ይህን ልዩነት እንዲያስታውስ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ላይ ብዙ ነገር የሚወሰነው በዚህ ነውና።

አሁን ጥቂት ስሌት እናድርግ። ሲሊከን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ ሚሊዮን እጅ 2.6 ያህሉን ይሰፋል። ሰሌዳዋ ግን ወደ 17 ያህል ትሰፋለች። የቺፑን ርዝመት 12 ሚሊሜትር ብናደርግና ላፕቶፑ ሲበራ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ይጨምራል ብንል፣ ሲሊከኑ በ0.0019 ሚሊሜትር፣ ሰሌዳዋ ግን በ0.0122 ሚሊሜትር ትረዝማለች። ልዩነቱ ወደ 0.010 ሚሊሜትር ነው። ይህም ከመካከል ወደ ሁለቱ ጠርዞች ሲከፈል በየጠርዙ 0.005 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የጉብታው ቁመት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ መሆኑን ስናስብ፣ ጉብታው ከቁመቱ ሃያ እጅ አንዱን ያህል ወደ ጎን ይጎተታል ማለት ነው።

ላፕቶፑ በቀን ሁለት ጊዜ ቢበራና ቢጠፋ በሦስት ዓመት ውስጥ 2190 ጊዜ ይሞቃል፤ ይህንኑ ያህል ጊዜም ይቀዘቅዛል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ብናጥፈው በመጨረሻው እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ጉብታውም ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። ሠሪዎቹ ይህን ለመከላከል በጉብታዎቹ መካከል የሚደርቅ ሙጫ ያፈሱበታል፤ ሙጫው ጭነቱን ከጉብታዎቹ ጋር ይካፈላል። ሙጫው ቺፑ በሚሠራበት ሙቀት የሚለሰልስ ከሆነ ግን ጭነቱ ሁሉ ተመልሶ በጉብታዎቹ ላይ ይወድቃል።

ከታሪክ የምንማረው

ይህ ብልሽት በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ቺፕ ሠሪ ድርጅት፣ በላፕቶፖች ውስጥ የገቡ አንዳንድ የቀድሞ ቺፖቹ በማሸጊያቸው ድክመት ምክንያት ከሚጠበቀው በላይ እየተበላሹ መሆናቸውን አስታወቀ። ለጥገናና ለምትክ የሚሆን ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብም ገለጠ። ችግሩ ዴልን፣ ኤች ፒንና አፕልን የመሰሉ ሠሪዎች በሸጧቸው ላፕቶፖች ላይ ታየ። አፕል በኦክቶበር 2008 ከሜይ 2007 እስከ ሴፕቴምበር 2008 ከተሠሩት ማክቡክ ፕሮዎች አንዳንዶቹ በዚህ ችግር ሊነኩ እንደሚችሉ ገልጦ ያለ ክፍያ መጠገን ጀመረ። ስለዚሁ ጉዳይ ገዢዎች በካሊፎርኒያ ያቀረቡት ክስም በ2010 በስምምነት አለቀ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2011 የተሠሩት ባለ 15 እና ባለ 17 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች የኤ.ኤም.ዲ. ራዲዮን የምስል ቺፕ የነበራቸው ሲሆኑ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ገጻቸው መስመር በመስመር እየሆነ ወይም እየጨለመ አስቸገሩ። አፕል በፌብሩዋሪ 2015 የነጻ ጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ ለእነዚህም ላፕቶፖች በ2016 መጨረሻ ዘጋው። ስለዚህ ዛሬ የዚያን ዘመን ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የሚያመለክትበት የነጻ ጥገና በር የለም።

በዚሁ ዘመን ሌላም ለውጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ እርሳስ በኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ውስጥ እንዲቀነስ ሕግ አወጣ። እርሳስ ለጤና ጎጂ ነውና ሕጉ መልካም ነው። የቀድሞው የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ አዲሱ የቆርቆሮ፣ የብርና የመዳብ ድብልቅ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጠባዩም ደረቅ ያለ ነው። ሠሪዎች ይህን አዲስ ጠባይ እስኪለምዱት ድረስ ጊዜ ወሰደባቸው።

በእርግጥ የተበላሸው የምስል ካርዱ ነውን?

ገጹ የጨለመ ላፕቶፕ ሁሉ የምስል ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ወደ ጠጋኝ ከመሄድ በፊት ማንም ሰው በቤቱ የሚከተሉትን ሊመረምር ይችላል።

አንደኛ፤ ላፕቶፑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደ ገና መሞከር ነው። አንዳንዴ ነገሩ በዚህ ብቻ ይቃናል።

ሁለተኛ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ ገጹ አስጠግቶ ማብራት ነው። ምስሉ ደብዝዞ የሚታይ ከሆነ የጠፋው ከገጹ ኋላ ያለው መብራት ነው እንጂ የምስል ካርዱ ደኅና ነው።

ሦስተኛ፤ ላፕቶፑን በኬብል ከሌላ ሞኒተር ወይም ከትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ጋር ማያያዝ ነው። በውጭው ገጽ ላይ ምስሉ ጥሩ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የላፕቶፑ ስክሪን ወይም የኬብሉ ነው። በሁለቱም ላይ ያው መስመር፣ ያው የተበታተነ ቀለም ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ ምስል ካርዱ ያዘነብላል።

አራተኛ፤ መስመሮቹ መቼ እንደሚታዩ ማስተዋል ነው። ዊንዶውስ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ የሠሪው ዓርማ ሲታይ ጀምሮ ካሉ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን የፕሮግራም ስሕተት ሊሆን ስለሚችል የምስል ካርዱን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደ ገና መጫን ይገባል።

አምስተኛ፤ ራም የተባለውን የማስታወሻ ካርድ አውጥቶ መልሶ በደንብ ማስገባት ነው። ሁለት ካሉ አንድ በአንድ መሞከር ይበጃል፤ የተበላሸ ራም የምስል ካርድ ብልሽት መስሎ ብዙዎችን አሳስቷልና።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የምስል ካርድ ሲበላሽ በዲስኩ ላይ የተጻፈው አይጠፋም። ዲስኩ የሚነቀል ከሆነ አውጥቶ በማገናኛ ገመድ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማያያዝ የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ የሱቁንም ሒሳብ፣ የሠርጉንም ፎቶግራፍ መገልበጥ ይቻላል። ከማናቸውም ጥገና በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው።

ስለ «ማሞቅ» የሚነገረው

ብዙ ሰው እንደ ሰማው፣ የሞተን ማዘርቦርድ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ከትቶ ወይም በትኩስ አየር አሙቆ ማስነሣት ይቻላል ይባላል። ላፕቶፑ ከዚህ በኋላ በእርግጥ ሊነሣ ይችላል። ጠጋኙም ገንዘቡን ይቀበላል፤ ባለ ዕቃውም ተደስቶ ይሄዳል። ነገር ግን ከጥቂት ቀን ወይም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገጹ እንደ ገና ይጨልማል። ምክንያቱስ ምንድን ነው?

ቀደም ብለን ሁለት ደርብ ብየዳ እንዳለ ተናግረናል። በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ ቺፖች ውስጥ የላይኛው ደርብ ጉብታዎች የተሠሩት እርሳስ ከሚበዛበት ድብልቅ ነው። ይህም ድብልቅ የሚቀልጠው ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ምድጃው ወይም ትኩሱ አየር የሚደርሰው ግን ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ስለዚህ ሙቀቱ የተሰነጠቀውን ጉብታ አያቀልጠውም፤ የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች ገፍቶ ለጊዜው ያነካካቸዋል እንጂ። ላፕቶፑ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ከንፈሮቹ ተመልሰው ይለያያሉ። በዚሁ ምክንያት የታችኛውን ደርብ ኳሶች አንሥቶ በአዲስ መተካትም፣ ቺፑ ያው አሮጌው እስከ ሆነ ድረስ፣ ጥፋቱ በላይኛው ደርብ ላለበት መኪና መፍትሔ አይሆንም።

በቤት ምድጃ ማሞቅ አደገኛም ነው። ከብየዳውና ከፕላስቲኩ የሚወጣው ጢስ መርዝነት አለው፤ እንጀራና ዳቦ በሚጋገርበት ስፍራ ሊደረግ አይገባም። ባትሪው ሳይወጣ የተሞቀ እንደ ሆነ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

እውነተኛው ጥገና

እንግዲህ የሚረባው ጥገና የትኛው ነው? እንደ ላፕቶፑ ዓይነት አራት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የተበላሸውን ቺፕ ትቶ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው መገልገል ነው። ኢንቴል ከ2011 ጀምሮ ባወጣቸው ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ውስጥ የምስል ክፍል አብሮ አለ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ባዮስ በተባለው የመነሻ ማስተካከያ ገብቶ ራሱን የቻለውን ካርድ ማጥፋት ይቻላል። ለጨዋታና ለፊልም ሥራ ኃይሉ ያንሳል፤ ለጽሕፈት፣ ለጥናትና ለሒሳብ ግን ይበቃል። ወጪም የለበትም። ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድሞ መሞከር ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ካርዱ የሚነቀል ከሆነ መተካት ነው። በ2004 ኤንቪዲያ ከላፕቶፕ ሠሪዎች ጋር ኤም.ኤክስ.ኤም. የተባለ የሚነቀል የካርድ ሥርዓት አወጣ። እንደ ዴል ፕሪሲዥን ኤም 6600፣ ኤም 6700 እና ኤም 6800፣ እንደ ኤች ፒ ኤሊትቡክ 8560 ደብልዩና 8760 ደብልዩ ያሉት ከባድ የሥራ ላፕቶፖች ይህ ካርድ አላቸው። ምትኩ ሲፈለግ መጠኑ መመሳሰል አለበት፤ ትንሹ 82 በ70፣ ትልቁ 82 በ105 ሚሊሜትር ነው። የብሎኖቹ ቀዳዳ ከማቀዝቀዣው ጋር መግጠም፣ የሚፈልገው ኃይል ከቻርጀሩ አቅም አለማለፍ፣ የላፕቶፑም ባዮስ ካርዱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ካርድ መፈለግ ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛው የተበየደውን ቺፕ አንሥቶ በአዲስ ቺፕ መተካት ነው። ይህ ሥራ የተስተካከለ ትኩስ አየር የሚሰጥ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ በካውያ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ቺፑ በእርግጥ አዲስ፣ ከተቻለም ድክመቱ ከታረመ በኋላ የተሠራ መሆን አለበት። በብዙ ቺፖች ላይ ከታተሙት ቁጥሮች መካከል አራቱ የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ያመለክታሉ።

አራተኛው ማዘርቦርዱን በሙሉ መለወጥ ነው። ይህም ይሠራል፤ ነገር ግን ምትኩ ከሌላ አሮጌ ላፕቶፕ የተነቀለ ከሆነ ያንኑ በሽታ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ለጠጋኙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ባለ ሙያን ማክበር ተገቢ ነው፤ መጠየቅም ነውር አይደለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና ገንዘብ ከመስጠት በፊት በትሕትና ሦስት ነገር መጠየቅ ይበጃል። ቺፑን ያሞቁታል ወይስ ይለውጡታል? የሚለውጡት ከሆነ አዲሱንና አሮጌውን ያሳዩናል? ዋስትናውስ ስንት ወር ነው? «ማሞቅ ብቻ ነው» ብሎ በግልጽ የሚነግር ጠጋኝ ሐቀኛ ሰው ነው። በዚያ ጊዜ ቤተ ሰቡ ለጥቂት ሳምንት ሥራ ይህን ያህል ብር መክፈል ይገባል ወይስ ገንዘቡ ለሌላ ላፕቶፕ ቢጠራቀም ይሻላል ብሎ ይወስናል። ዋስትና የማይሰጥ ጥገና ግን፣ ዋጋው ርካሽም ቢሆን፣ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሳይበላሽ መጠበቅ

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ከጥገና ጥንቃቄ ይቀድማል። ቺፑን የሚገድለው የሙቀቱ መጠንና መደጋገሙ መሆኑን ካወቅን ጥንቃቄው ግልጽ ነው። ላፕቶፕን በብርድ ልብስ፣ በፍራሽ ወይም በሶፋ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየሩን መግቢያ ይደፍናል፤ ሁልጊዜ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። አቧራችን ብዙ ነውና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ማራገቢያውና የማቀዝቀዣው ክንፎች በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጉ። በቺፑና በመዳብ ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ አዲስ በስሱ ይቀባ። ይህን የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ቻርጀሩንና ባትሪውን ይንቀል፤ በሰውነቱ ያለው ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳይጎዳም መሬት የነካ ብረት ይዳስስ። የማራገቢያው ድምፅ ከወትሮው የበረታ ወይም ጨርሶ የጠፋ እንደ ሆነ ገጹ እስኪጨልም መጠበቅ አያስፈልግም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የርዝመት መስፋት ቀመር ለፈተና ብቻ የተሠራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ያው ቀመር በእናታችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ለምን እንደ ጨለመ፣ ለጥገናው የምትጠየቀውም ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋ መሆን አለመሆኑን ያስረዳል። ትምህርታችንን በዚህ ዓይነት ለቤታችን ጥቅም እንድናውለው፣ ወላጆቻችንም አሮጌውን ላፕቶፕ ለጠጋኝ ከመስጠታቸው በፊት ልጆቻቸውን «እስቲ መርምሩት» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።